«ተከልክሏል» የሚል ደብዳቤ ሲደርስ፦ ከሦስቱ የቪኤ የይግባኝ መንገዶች የቱ ይሻላል?

ታናሽ ወንድሜ በአሜሪካ ጦር ውስጥ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከመኪናው ሲዘል ቀኝ ጉልበቱ ተጎዳ፤ በጊዜው ታክሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ከሠራዊቱ ከተሰናበተ ከዓመታት በኋላ ጉልበቱ ደረጃ መውጣት ሲከለክለው ለቪኤ፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ ለሚይዘው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የአካል ጉዳት ካሳ እንዲሰጠው አመለከተ፤ መልሱ «አይገባህም» ሆነ። ደብዳቤው በደረሰው ማታ፣ ሁለተኛውን ገጽ እንኳ ሳይገልጥ፣ «ከእነሱ በላይ ያለ ሰው ይየው» ብሎ በከፍተኛ ባለሙያ እንዲታይለት ጠየቀ። የአጥንት ሐኪሙ የጻፈለት አዲስ ደብዳቤ ያን ጊዜ መሳቢያው ውስጥ ነበር። ጉልበቱን ያበላሸው ያ ዝላይ መሆኑን በዝርዝር ያስረዳል። የመረጠው መንገድ ግን አዲስ ወረቀት የማይገባበት መንገድ ነው። አራት ወር ያህል ጠብቆ ያው መልስ መጣ። የሐኪሙን ደብዳቤ ያየው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የእሱንም የጓደኞቹንም ደብዳቤ አብሬ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ደጋግሜ ያየሁት ነገር ቢኖር፣ ብዙ ሰው የይግባኝ መንገዱን የሚመርጠው በንዴት ወይም «የቱ ይፈጥናል?» ብሎ መሆኑን ነው። መንገዱን መምረጥ ያለበት ግን ጥያቄው የወደቀበት ምክንያት ነው።

አሁን ያለው አሠራር የቆመው እ.ኤ.አ. ኦገስት 2017 በተፈረመውና ፌብሯሪ 19 ቀን 2019 ሥራ ላይ በዋለው የይግባኝ ማሻሻያ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ይግባኝ አንድ ረጅም ሰልፍ ነበር። ዛሬ ሦስት በሮች አሉ። የመጀመሪያው «ሰፕልመንታል ክሌም» ነው፤ አዲስ ማስረጃ ይዞ እንደገና ማመልከት ማለት ነው። ሁለተኛው «ሃየር ሌቭል ሪቪው» ነው፤ ያንኑ ፋይል ሌላ ልምድ ያለው ባለሙያ እንዲያየው ማድረግ ነው። ሦስተኛው ዋሽንግተን ወዳለው የቬተራኖች (የቀድሞ ወታደሮች) ይግባኝ ቦርድ፣ ማለትም ወደ ዳኛ መሄድ ነው። በቅጾቹ ላይ የሚያገኟቸው እነዚህን ስሞች ስለሆነ ቢለምዷቸው ጥሩ ነው።

ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው ማንበብ

የአካል ጉዳት ካሳ በሦስት ጉልቻ ላይ ይቆማል። አንደኛው ዛሬ ያለ፣ ሐኪም ያረጋገጠው ሕመም ነው። ሁለተኛው በአገልግሎት ላይ ሳሉ የደረሰ አደጋ፣ የያዘ በሽታ ወይም ለጎጂ ነገር መጋለጥ ነው። ሦስተኛው እነዚህን ሁለቱን የሚያያይዘው ነገር ነው፤ በዚህ ነገር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ «ኔክሰስ» ይለዋል። አንዱ ከጎደለ ጥያቄው ይወድቃል። ማስረጃው የሚመዘነው ግን እንደ ወንጀል ችሎት «ከጥርጣሬ በላይ አረጋግጥ» ተብሎ አይደለም። የሚደግፈውና የሚቃወመው ማስረጃ እኩል ከመዘነ ሕጉ ለወታደሩ ያደላል። ይህን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው፤ «መቶ በመቶ ማረጋገጥ አልችልም» ብሎ ጥያቄውን የተወ ሰው አውቃለሁ።

የውሳኔ ደብዳቤው በሕግ የግድ መያዝ ያለበት ነገር አለ፦ የትኞቹ ጥያቄዎች እንደተወሰኑ፣ የትኛው ማስረጃ እንደታየ፣ የትኛው ሕግ እንደተሠራበት፣ ለአመልካቹ የሚጠቅም ምን እንደተገኘ፣ ምን እንደጎደለ። ሰው ዐይኑን የሚጥለው «ዲናይድ» (ተከልክሏል) የሚለው ቃል ላይ ነው። እኔ መጀመሪያ የምፈልገው «ፌቨረብል ፋይንዲንግስ» የሚለውን፣ ለአመልካቹ የሚጠቅመው የተዘረዘረበትን ክፍል ነው። እዚያ የሰፈረ ነገር ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ወሳኝ ሁሉ ያስረዋል፤ ግልጽና የማያሻማ ስህተት መሆኑ ካልታየ በቀር አይፈርስም። በወንድሜ ደብዳቤ ላይ ሁለት መስመር ነበር፦ የጉልበት አርትራይተስ እንዳለበት ተረጋግጧል፤ በአገልግሎት ላይ ሳለ ጉልበቱን መታከሙ በመዝገብ አለ። ሁለቱ ጉልቻ ተተክለው ነበር ማለት ነው። የቀረው ሦስተኛው ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ መሳቢያው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ደብዳቤውን ይዘው ራስዎን ሁለት ነገር ይጠይቁ። የጎደለው የትኛው ነው? የጎደለውስ ነገር ቀድሞ ፋይሉ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ፋይሉ ውስጥ እያለ ካልታየ ወይም ሕጉ ላዩ ላይ በትክክል ካልተሠራበት፣ የሚፈልጉት አዲስ ዐይን ነው። ፋይሉ ውስጥ ከሌለ የሚፈልጉት አዲስ ወረቀት ነው። ቀሪው ምርጫ ከዚህ ይከተላል።

ፋይሉ ውስጥ ያለውን ለማወቅ ግምት አይበቃም። «ሲ ፋይል» የሚባለውን ሙሉ መዝገብ በቅጽ 20-10206 መጠየቅ ይቻላል። በተለይ የቪኤ ሐኪም ወይም ቪኤ የቀጠረው ሐኪም ያደረገውን «ሲ ኤንድ ፒ» ምርመራ ሪፖርት ያግኙ። ብዙ ክልከላ የሚያርፈው በዚያ ሪፖርት ላይ ነው። እዚህ ላይ ለእኛ ሰው የምለው አለኝ። ሐኪሙ ገና ሲገቡ «እንዴት ነዎት?» ይላል። እኛም ከልማድ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንላለን። በአማርኛ ይህ ሰላምታ ነው። በምርመራ ሪፖርት ላይ ግን «ታካሚው ደህና መሆኑን ተናገረ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በጣም የሚያመውን ቀን መናገር ማማረር አይደለም፤ ለምርመራው ጥያቄ እውነተኛው መልስ ነው።

አዲስ ወረቀት ሲኖር

የሰፕልመንታል ክሌም ቅጽ 20-0995 ነው። የሚጠይቀው «አዲስና አግባብነት ያለው» ማስረጃ ነው። አዲስ ማለት ከዚህ በፊት ወሳኙ ፊት ያልነበረ፤ አግባብነት ያለው ማለት የተከራከሩበትን ነጥብ ለማረጋገጥ ወይም ለማፍረስ የሚረዳ። መለኪያው ከባድ አይደለም። ያው የድሮ የሕክምና ወረቀት ዳግም ቢላክ ግን አዲስ አይሆንም።

የዚህ በር ትልቁ ጥቅም ቪኤ የማገዝ ግዴታው እዚህ የሚቀጥል መሆኑ ነው። የግል ሐኪምዎን መዝገብ እንዲያመጣ በቅጽ 21-4142 ፈቃድ ከሰጡት ይጠይቅልዎታል፤ የመንግሥት መዝገቦችን ይፈልጋል፤ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው አዲስ ምርመራ ያዛል። በሌሎቹ ሁለት በሮች ይህ የለም። ቪኤ የሚያልመው አማካይ ጊዜ 125 ቀን ነው። ከተከለከሉም ሌላ አዲስ ማስረጃ እስካገኙ ድረስ ደጋግመው ማመልከት ይችላሉ።

እንግዲህ ጥሩ ማስረጃ ምን ይመስላል? በኔክሰስ የወደቀ ጥያቄ የሚያስፈልገው የሐኪም ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። «የዚህ ሰው ጉልበት ከአገልግሎቱ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል» የሚል አንድ መስመር ዋጋው ትንሽ ነው፤ «ሊሆን ይችላል» ማለት «ላይሆንም ይችላል» ማለት ነውና። ሐኪሙ የአገልግሎት ዘመኑን የሕክምና መዝገብ ማንበቡን ይጻፍ። ከዚያ ሕጉ የሚጠቀምበትን አነጋገር ይጠቀም፦ «አት ሊስት አዝ ላይክሊ አዝ ኖት»፣ ማለትም ቢያንስ ሃምሳ በመቶ የሚሆን ዕድል አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምክንያቱን ያስረዳ። የወንድሜ ሐኪም በዚያ ዘመን የተነሣውን ራጅ ጠቅሶ፣ እንዲህ ያለ ጉዳት ከዓመታት በኋላ እንዴት ወደ አርትራይተስ እንደሚለወጥ በግማሽ ገጽ ጽፎ ነበር። የቪኤው መርማሪ «ከአገልግሎት በኋላ ለዓመታት ሕክምና የለም» ብሎ ነበር የደመደመው። ሐኪሙ ለዚያም ነጥብ ለብቻው መልስ ሰጠ። ተቃራኒውን ሐሳብ በስሙ ጠርቶ የሚመልስ ደብዳቤ ከሌላው ይበልጥ ይመዝናል።

ከሐኪም ሌላ፣ ያየ ሰው ምስክርነትም ማስረጃ ነው። ባለቤትዎ፣ እናትዎ፣ አብሮዎት ያገለገለ ጓድ በቅጽ 21-10210 መጻፍ ይችላሉ። ሰዎች «በጣም ይታመማል፣ እርዱት» ብለው ይጽፋሉ፤ ይህ ከልብ ቢሆንም አይረዳም። የሚረዳው የታየው ነገር ነው። «ከ2016 ጀምሮ በወር አንድ ሁለት ጊዜ ክፍሉን አጨልሞ ይተኛል፤ ያን ቀን ወደ ሥራ አይሄድም፤ ልጆቹን እኔ ከትምህርት ቤት አመጣለሁ።» ሚስት የበሽታውን ስም መናገር አይጠበቅባትም፤ ያየችውን መናገር ግን ከማንም በላይ ትችላለች። ጽሑፉ በአማርኛ ከሆነ የእንግሊዝኛ ትርጉሙን አያይዘው ይላኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 2022 የተፈረመው «ፓክት አክት» የሚባለው ሕግ በቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓዶች ጭስና በሌሎች መርዛማ ነገሮች ምክንያት የሚመጡ ብዙ በሽታዎችን «ከአገልግሎት እንደመጡ ይቆጠራሉ» ብሎ ዘርዝሯል። በተጠቀሱት አገሮችና ዘመናት ያገለገለ ሰው ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ ካለበት ኔክሰስ አምጣ አይባልም። ከ2022 በፊት ተከልክለው ተስፋ የቆረጡ ካሉ፣ የበሽታቸውን ስም ከዝርዝሩ ጋር ያስተያዩ። ለእነሱ ትክክለኛው በር ይኸው ሰፕልመንታል ክሌም ነው።

አዲስ ዐይን ሲያስፈልግ

የሃየር ሌቭል ሪቪው ቅጽ 20-0996 ነው። ፋይሉን የሚያየው በመጀመሪያው ውሳኔ ላይ እጁ ያልነበረበት፣ የበለጠ ልምድ ያለው ባለሙያ ነው። ከዜሮ ጀምሮ እንደ አዲስ ይመዝናል፤ የሚመዝነው ግን በመጀመሪያው ውሳኔ ቀን ፋይሉ ውስጥ የነበረውን ብቻ ነው። የዚህም አማካይ ግብ 125 ቀን ነው።

ለየትኛው ጉዳይ እንደሚመች በምሳሌ ላሳይ። አንድ ሰው በማይግሬን ምክንያት 10 በመቶ የአካል ጉዳት ደረጃ ተሰጠው እንበል። የቪኤ የመቶኛ ሠንጠረዥ ማይግሬንን የሚለካው ሰውን በሚጥል የራስ ምታት ድግግሞሽ ነው፦ በአማካይ በሁለት ወር አንዴ ከሆነ 10 በመቶ፣ በወር አንዴ ከሆነ 30 በመቶ። ሰውየው የምርመራ ሪፖርቱን አስመጥቶ ሲያነብ መርማሪው ራሱ «በወር አንድ ጊዜ» የሚለውን ሣጥን ምልክት አድርጎበታል። እዚህ ላይ የሚያስፈልግ አዲስ ወረቀት የለም። ማስረጃው አለ፤ መለኪያው ነው በትክክል ያላረፈው። ይህ የሃየር ሌቭል ሪቪው ጉዳይ ነው። ክፍያው የሚጀምርበት ቀን በስህተት ሲሰላ፣ ፋይሉ ውስጥ ያለ የሐኪም ደብዳቤ ደግሞ በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ሳይጠቀስ ሲቀር እንደዚሁ።

ቅጹ ላይ «ኢንፎርማል ኮንፈረንስ» የሚል ምርጫ አለ፤ ከገምጋሚው ጋር አንድ የስልክ ንግግር ነው። ብዙዎች «ያዘገይብኛል» ብለው ይተውታል። እኔ ስህተቱን በጣት ማሳየት ለሚችል ሰው ይጠየቅ ባይ ነኝ። ንግግሩ የሕይወት ታሪክ የሚተረክበት አይደለም፤ አዲስ ነገር ቢናገሩም ሊቆጥሩልዎት አይችሉም። ከላይ ያለው የማይግሬን ሰው ማለት ያለበት ይህን ብቻ ነው፦ «በዚህ ቀን የተደረገውን ምርመራ ይመልከቱ፤ መርማሪው በወር አንዴ ብሏል፤ ይህ የ30 በመቶ መለኪያ ነው።» ከሁለት ደቂቃ አያልፍም። ወረቀት ላይ ጽፎ ስልኩ አጠገብ ማስቀመጥ ነው።

ገምጋሚው ሌላም ሊያገኝ ይችላል፦ ከመጀመሪያው ውሳኔ በፊት ቪኤ ማምጣት የነበረበትን መዝገብ ሳያመጣ፣ ወይም ማዘዝ የነበረበትን ምርመራ ሳያዝ ከቀረ፣ ጉዳዩ እንዲታረም ወደ ኋላ ይመለሳል። ያን ጊዜ አዲስ ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል፤ ከሽንፈት የሚቆጠር አይደለም። «የተሰጠኝንም ይነጥቁኛል» ብለው ለሚፈሩ ደግሞ፣ ገምጋሚው በአስተያየት ልዩነት ብቻ ቀድሞ የተሰጠዎትን ማንሳት አይችልም።

ገደቡ እነሆ፦ ከሃየር ሌቭል ሪቪው በኋላ ለዚያው ጉዳይ ሌላ ሃየር ሌቭል ሪቪው የለም። የሚቀረው ሰፕልመንታል ወይም ቦርድ ነው። የአንድ ጊዜ ጥይት ነው፤ አዲስ ማስረጃ በእጅ እያለ አይተኮስም።

ወደ ዳኛ መሄድ

በቅጽ 10182 ጉዳዩ ወደ ይግባኝ ቦርዱ ይሄዳል። ቦርዱ የቪኤ አካል ቢሆንም ጥያቄዎን ከከለከለው ቢሮ የተለየ ነው፤ የሚወስኑት የቬተራን ሕግ ዳኞች ናቸው። እዚህም ሦስት ሰልፍ አለ፤ ቅጹን ሲሞሉ አንዱን መምረጥ ግዴታ ነው።

«ዳይሬክት ሪቪው» ዳኛው በፊት የነበረውን ማስረጃ ብቻ አይቶ የሚወስንበት ነው፤ የቦርዱ ግብ 365 ቀን ነው። «ኤቪደንስ ሰብሚሽን» አዲስ ማስረጃ የሚገባበት ሲሆን፣ ከቅጹ ጋር ወይም ቦርዱ ቅጹን ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ መላክ አለበት፤ ግቡ 550 ቀን ነው። «ሂሪንግ» ከዳኛው ፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ በቪዲዮ፣ ቃል የሚሰጥበት ነው፤ ማስረጃ በችሎቱ ላይ ወይም ከችሎቱ በኋላ በ90 ቀን ውስጥ ይገባል፤ ግቡ 730 ቀን ነው። እነዚህ ቁጥሮች ግብ እንጂ ዋስትና አይደሉም፤ መጠበቁ ከዚህ ሊረዝም እንደሚችል አስበው ይግቡ። ዕድሜያቸው 75 ዓመት የሞላ፣ በጠና የታመሙ ወይም በከባድ የገንዘብ ችግር ላይ ያሉ ሰዎች ሰልፉን ቀድመው እንዲታዩ መጠየቅ ይችላሉ።

ይህን ያህል መጠበቅ መቼ ያዋጣል? ክርክሩ ሕግ ላይ ሲሆን፣ ማለትም ቢሮው አንድን ደንብ የሚተረጉምበት መንገድ ትክክል አይደለም ብለው ሲያምኑ፣ ሌላ ባለሙያ ያንኑ አተረጓጎም ሊደግመው ይችላል፤ ዳኛ ግን የተለየ ነው። ሁለት ሐኪሞች ተቃራኒ ነገር ጽፈው ቢሮው ያለ በቂ ምክንያት አንዱን ሲመርጥም እንዲሁ። ችሎት የምመክረው የሰውዬው ተዓማኒነት የጉዳዩ ልብ ሲሆን ነው፦ በመዝገብ ያልተጻፈ የጥቃት ወይም የፍንዳታ ገጠመኝ፣ ምስክሩ ራሱ ወታደሩ ብቻ የሆነበት ጉዳይ። እንዲህ ያለውን ወረቀት አይናገረውም፤ ዳኛው ድምፁን መስማት አለበት። ለመቶኛ ክርክር ግን ችሎት መጠበቅ ሁለት ዓመት በከንቱ ማሳለፍ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

ኤቪደንስ ሰብሚሽንን ብዙ ጊዜ አልመክርም። አዲስ ማስረጃ ካለ በሰፕልመንታል ክሌም በአጭር ጊዜ ይታያል፤ ቪኤም እዚያ የማገዝ ግዴታ አለበት። ያ ማስረጃ ታይቶም ከተከለከለ ቦርዱ አይጠፋም። ሰልፉን ተሳስተው ከመረጡ፣ ማስረጃ ካላስገቡ ወይም ቃል ካልሰጡ በቀር፣ ቦርዱ ቅጹን በተቀበለ በ60 ቀን ውስጥ ወይም የመጀመሪያው ውሳኔ በተጻፈ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ከሁለቱ በዘገየው ቀን፣ መለወጥ ይቻላል።

ዳኛው ሊፈቅድ፣ ሊከለክል ወይም «ሪማንድ» ብሎ እንዲታረም ሊመልስ ይችላል። ሪማንድ ከሆነ ቢሮው አርሞ አዲስ ውሳኔ ይሰጣል፤ ከዚያ ውሳኔ በኋላ ሦስቱም በሮች ዳግም ይከፈታሉ።

ቀኑ

ከበሩ ምርጫ እኩል የሚመዝነው ቀን ነው። ከውሳኔ ደብዳቤው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አለዎት። በዚያ ዓመት ውስጥ ከሦስቱ አንዱን ካስገቡ ጥያቄው እንደቀጠለ ይቆጠራል፤ በመጨረሻ ቢያሸንፉ ክፍያው በመደበኛው መጀመሪያ ካመለከቱበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። አንድ ዓመቱ ካለፈ ሃየር ሌቭል ሪቪውና ቦርድ ይዘጋሉ። ሰፕልመንታል ክሌም ከዓመቱ በኋላም ይቻላል፤ ግን ክፍያው በአጠቃላይ የሚጀምረው ከአዲሱ ማመልከቻ ቀን ነው።

ይህ በገንዘብ ሲተመን ቀላል አይደለም። በ2025 ተመን 30 በመቶ የተሰጠው፣ ጥገኛ የሌለው ሰው በወር 537.42 ዶላር ያገኝ ነበር። የሁለት ዓመት ውዝፍ ወደ 12,900 ዶላር ይጠጋል። ወንድሜን ያዳነው ይኸው ደንብ ነው። በከፍተኛ ባለሙያ ታይቶ ከተከለከለ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ሳያልፍ፣ ያንን የሐኪም ደብዳቤ ከ20-0995 ጋር አያይዞ አስገባ። አዲስ ምርመራ ታዘዘለት፤ መርማሪው የሐኪሙን ደብዳቤ አንብቦ ተስማማ። ክፍያው የተቆጠረለት መጀመሪያ ካመለከተበት ቀን ነው። የጠፋው አራት ወር መጠበቅ ሆነ እንጂ ገንዘብ አልሆነም።

በአንድ ደብዳቤ ላይ የተወሰኑ የተለያዩ ሕመሞች በአንድ በር ማለፍ የለባቸውም። ጉልበቱን በሰፕልመንታል፣ ማይግሬኑን በሃየር ሌቭል ሪቪው በአንድ ጊዜ መላክ ይቻላል። የማይቻለው ያንኑ አንድ ሕመም በሁለት በር ማስገባት ነው።

አብሮ የሚቆም ሰው

ለዚህ ሥራ ከቪኤ ፈቃድ ያላቸው ሰዎች አሉ። እንደ «ዲኤቪ»፣ «ቪኤፍደብልዩ» እና «አሜሪካን ሊጅን» ያሉ የቬተራን ድርጅቶች ተወካዮች በነፃ ይረዳሉ፤ ውክልናው የሚሰጠው በቅጽ 21-22 ነው። ጠበቃ ወይም ፈቃድ ያለው ወኪል ከሆነ ቅጹ 21-22ኤ ነው። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው፤ ክፍያ የሚፈቀደው የመጀመሪያ ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ነው። ከውዝፉ ከ20 በመቶ ያልበለጠ ክፍያ ተገቢ እንደሆነ ይገመታል፤ ከሲሶው በላይ የሆነ ግን ተገቢ እንዳልሆነ ይገመታል። ፈቃድ ሳይኖራቸው «መቶኛህን እናስጨምርልሃለን» ብለው ከመጪዎቹ ወሮች ክፍያ ድርሻ የሚጠይቁ አሉ። ውል ከመፈረምዎ በፊት ስማቸውን በቪኤ የፈቃድ ዝርዝር ላይ ይፈልጉት፤ ከሌለ አይፈርሙ። ለሰፕልመንታል ክሌም ብዙ ጊዜ የድርጅት ተወካይ ይበቃል። የቦርድ ችሎት ወይም የሕግ ክርክር ካለ ግን ጠበቃ መያዝ ያዋጣል።

ቦርዱ ከከለከለ

ከቦርድ ውሳኔ በኋላ ወደ ሃየር ሌቭል ሪቪውም ሆነ ተመልሶ ወደ ቦርዱ መሄድ የለም። ሁለት መንገድ ይቀራል። አንደኛው በ1988 በወጣ ሕግ የተቋቋመው፣ ከቪኤ ነፃ የሆነው የቬተራኖች ይግባኝ ፍርድ ቤት ነው። አቤቱታው የቦርዱ ውሳኔ በተላከ በ120 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ ይህ ቀን እንደ ሌላው አንድ ዓመት አይደለም፣ አራት ወር ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ አዲስ ማስረጃ አይቀበልም፤ የሚያየው ቦርዱ ሕጉን በትክክል መሥራቱንና ምክንያቱን በበቂ ሁኔታ መጻፉን ነው። ብዙ ጠበቆች እንዲህ ያለውን ጉዳይ ከደንበኛው ኪስ ሳይቀበሉ ይይዛሉ፤ ካሸነፉ መንግሥት የጠበቃውን ወጪ የሚከፍልበት ሕግ አለና።

ሁለተኛው ተመልሶ ሰፕልመንታል ክሌም (20-0995) ነው። ዳኛው የከለከለው ማስረጃ ስለጎደለ ከሆነ፣ ያንን ማስረጃ ከነሐኪሙ ማብራሪያ በአንድ ዓመት ውስጥ ማስገባት የመጀመሪያውን ቀን ያስጠብቃል። 120 ቀኑ ያመለጠው ሰውም በዚህ በር ለመግባት ከዓመቱ የቀረውን ጊዜ ይዟል።